የሐጃ በቱል እጅ

ካርቱም ውስጥ ተኩስ የተጀመረ ቅዳሜ ሙሚና ልብስ እያሰጣች ነበር። ረመዳን ሊወጣ ስድስት ቀን ቀርቶታል። መጀመሪያ የሰማችው ፍንዳታ የጋዝ ሲሊንደር መስሏት ወደ ማድ ቤቱ ዞረች፤ ቀጥሎ ከአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ጥቁር ጢስ ሲነሳ አየች። የቀረውን ልብስ አሰጥታ ጨረሰች። ዛሬም ሰው ስለዚያ ቀን ሲጠይቃት የምትለው ይህንኑ ነው። «አሰጥቼ ጨረስኩ» ትላለች፣ ሌላ የሚጨመርበት ነገር እንደሌለ ሁሉ።

አገሯ ወሎ፣ ወረባቦ ነው። በመተማ በኩል ወጥታ፣ ካላክላ በሚባል የካርቱም ሰፈር ሁለት ቤት ቀያይራ፣ ጀሪፍ ሰፈር ከሚገኘው ከመሐንዲሱ ከሳዲቅ ቤት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ትጠርጋለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ ከሁሉም በላይ ግን የሳዲቅን እናት ሐጃ በቱልን ታስታምማለች።

ሐጃ በቱል አርባ ዓመት ያዋለዱ ሴት ናቸው። ጀሪፍ ውስጥ ሸምገል ያለው ሰው ሁሉ ወይ እሱ ወይ ልጁ በእሳቸው እጅ የወጣ ነው፤ «ዳያ በቱል» እያለ ነው የሚጠራቸው፣ አዋላጇ በቱል ማለቱ ነው። አሁን ግን ግራ ጎናቸው ሽባ ከሆነ አምስት፣ ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኗል። በገመድ በተጠለፈ አንገሬብ አልጋ ላይ ተንጋለው ይውላሉ። ደኅና የቀረላቸው ጆሯቸውና ምላሳቸው ነው። በምላሳቸው ሙሚናን ሲያሯሩጧት ይውላሉ፤ በጆሯቸው ደግሞ ወጡ ሊያር ሲል ከእሷ ቀድመው ያውቃሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሳዲቅ በስንት መከራ መኪና አገኘ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ግብፅ ሊወጣ ነው። ሾፌሩ ግን ተኝቶ ለሚሄድ ሰው ቦታ የለኝም አለ። ሐጃም አልለመኑም። «እኔ ከዚህ አልጋ የምነሳው ወደ መቃብሬ ነው፤ ልጆቹን አውጣ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳዲቅ ሙሚናን ግቢው መካከል አቁሞ አነጋገራት። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«ዐሥር ቀን ነው፣ ሙሚና። ቢበዛ ሁለት ሳምንት። ልጆቹን አድርሼ እመለሳለሁ። ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ፣ ኡስታዝ።»

«እምቢ ማለት ትችያለሽ። አልፈርድብሽም።»

ሙሚና ወደ ክፍሉ ዞር ብላ አየች። ሐጃ ቁርስ አልበሉም ነበር። «ማን ያገላብጣቸዋል?» አለች። በቃ፣ ነገሩ በዚሁ ተቆረጠ። ሳዲቅም የዋሸ አልነበረም፤ ሊመለስ ፈልጎ ነበር። መንገዱ ተዘጋ እንጂ።

ሰፈሩ በአንድ ወር ውስጥ ባዶ ሆነ። ከእነሱ ቤት አጠገብ ያላለቀ ፎቅ የሚጠብቅ ጀምበሬ የሚባል የጭልጋ ሰው ቀረ፤ ስድሳ የሞላው፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ማተብ ያሰረ፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ቧንቧው ከደረቀ ወዲህ ጀምበሬ ከዓባይ ውሃ እየቀዳ ለሁለቱም ግቢ ያመጣል፤ ሙሚና ደግሞ ካለው ነገር አብስላ ድርሻውን ትልክለታለች። ሦስተኛው በር ላይ ዘኪያ የምትባል ሱዳናዊት ከባሏ ጋር ቀርታለች። የቀሩት እርጉዝ ስለነበረች ነው።

የዘኪያ ምጥ የመጣ ቀን በረፋድ ባሏ ደግፎ በሩ ላይ አደረሳት። ሐኪም ቤቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

«ሐጃ ከአልጋ አይነሱም፤ ዓይናቸውም አያይም» አለችው ሙሚና። «ሌላ ቦታ ውሰዳት።»

ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። «ማነው በኔ ቤት በር ላይ ምጥ የሚመልሰው? አስገቧት!»

ዘኪያን አንገሬቡ ሥር ምንጣፍ ላይ አስተኟት። ሐጃ ባሏን አስወጡና ሙሚናን ጠሩ።

«ጥፍርሽን ቁረጪ። ውሃ ጣጂ። ከቁም ሣጥኑ ሥር ቆርቆሮ ሣጥን አለ፣ አምጪው።»

«ሐጃ፣ እኔ እኮ አላውቅም። ሲወለድ እንኳ አይቼ አላውቅም።»

«ማወቁ የኔ ነው። ካንቺ የምፈልገው እጅሽን ነው። ዝም በይና እጅሽን አምጪ።»

እንዲህ ተጀመረ። ሐጃ በጀርባቸው ተኝተው፣ የማያይ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው፣ የዘኪያን ትንፋሽ ያዳምጣሉ። ምጥ የመጣባት ሴት ትንፋሿ ይለወጣል ይላሉ፤ ሕፃኑ ዝቅ ሲል ሌላ ነው፣ ሊወጣ ሲል ሌላ ነው። «አሁን አታስገፊያት» ይላሉ። «አሁን ተይዣለሁ ብላ ትጮኻለች፤ አትስሚያት» ይላሉ። ሴትዮዋም ልክ እንዳሉት ትጮኻለች። የሕፃኑ ራስ ብቅ አለ።

«አንገቱን ዳብሺ። የተጠመጠመ ነገር አለ?»

«አለ። ሐጃ፣ አለ! ምን ልሁን?»

«እትብቱ ነው። እንዳትጎትቺው። ጣትሽን ከሥሩ አስገቢና በራሱ ላይ አሳልፊው፣ ሻሽ እንደምታወልቂ።»

እንደ ሻሽ አወለቀችው። ወንድ ልጅ ነበር። በተቀቀለ ምላጭ እትብቱን ቆረጠች፣ በተቀቀለ ክር አሰረች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ዘኪያም ባሏም አለቀሱ። ሙሚና ግን ምን እንደተሰማት ስትጠየቅ «እጄን ሞቀኝ» ትላለች። ከዚያ ተነስታ ምንጣፉን አጠበች።

ወሬው ጀሪፍን አዳረሰ። ዳያ በቱል አለች፣ እጅ አግኝታለች ተባለ። ሴቶች በአህያ ጋሪ፣ በረክሻ ባጃጅ፣ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሁሉም በቀን ነው የሚመጡት፣ ከመሸ ማንም ከቤቱ አይወጣምና። ምጥ ማታ የያዛት ጥርሷን ነክሳ ጎሕ እስኪቀድ ትጠብቃለች። ሙሚና ጀርባውን ያዞረ ሕፃን ምን እንደሚደረግ፣ የእንግዴ ልጅ ሲዘገይ ምን እንደማይደረግ ተማረች። ሐጃ አንዴ የተናገሩትን አይደግሙም። ስትስት ደግሞ በደኅናው እጃቸው አንገሬቡን በጥፊ ይመቱታል፤ ያ ድምፅ ከከባድ መሣሪያው ይልቅ ያስደነግጣት ነበር። ሴቶቹ ዱቄት፣ ምስር፣ አንዳንዴም የተረፈ ዘይት ይዘው ይመጣሉ። ሁለቱ ሴቶችና ጀምበሬ የኖሩት በዚያ ነው።

በነሐሴ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስድስት ታጣቂዎች በሩን ሰብረው ገቡ። ሙሚና የዚያኑ ጠዋት የወለደች ሴት ገንፎ እያበላች ነበር። የፊተኛው ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፤ መሣሪያውን ወደ ክፍሉ አዙሮ «ማነው እዚህ ያለው?» ሲል ጮኸ።

«ይህ የወሊድ ቤት ነው» አሉ ሐጃ በቱል፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ምንጣፉ ላይ አራስ አለች። ጫማህን አውልቅ።»

ልጁ ቆመ። አሮጊቷን አየ፣ ሕፃኑን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ። ጓደኞቹም አንድ በአንድ ፈቱ። ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው፣ በባዶ እግራቸው እየተራመዱ ቤቱን ዘረፉ፤ ጄኔሬተሩን፣ ፍሪጁን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሳዲቅን ሚስት ልብሶች፣ የሙሚናን ስልክ። አራሷን አልነኩም። ሙሚናንም አልነኩም። ሲወጡ ያ የፊተኛው «ይቅርታ አድርጉልን፣ ሐጃ» ብሎ ጫማውን አጠለቀ።

ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ሙሚናም ሰው እንደሚስቅበት ታውቃለች፤ ስትነግረው ለሳቁ ትንሽ ቦታ ትተዋለች። እሷ ግን ያን ጊዜም አልሳቀች፣ አልፈራችም። ገንፎው እየቀዘቀዘ መሆኑን ነበር የምታስበው። ፍርሃቷ ከውስጧ መቼ እንደወጣ አታውቅም፤ ስትፈልገው የለም።

ስልኩ ሲሄድ የወንድሟ የኢክሪማ ቁጥር አብሮ ሄደ። በቃሏ አታውቀውም ነበር። ሰው አፈላልጋ ብትልክ፣ ብትጠይቅ፣ ታገኘው ነበር። ነገ እያለች ተወችው።

በጥር ሜላት መጣች። ሜላት ሻይ ሻጭ ነበረች፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ፤ ባሏ በመጀመሪያው ወር ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ጀምበሬ ነው ያመጣት፤ ገበያው አጠገብ ግድግዳ ይዛ ቆማ አግኝቷት በጀርባው ተሸክሞ።

«ሐበሻ ነች፣ የኛው ልጅ ነች» አለ በሩ ላይ እያለከለከ። «አደራሽን፣ እህቴ።»

«ይግቡ፣ ጋሽ ጀምበሬ። ያውርዷት» አለች ሙሚና።

ሜላት በአማርኛ ልታምጥ የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። «እናቴን! እመቤቴን!» እያለች ትጮኻለች፤ ሐጃ ቃሉን ባይሰሙትም ትንፋሹን ይሰማሉ። ሕፃኗ ያለ ብዙ ጭንቅ ወጣች፤ ሴት፣ ጸጉራም፣ ጤነኛ። ሜላት አቅፋ አየቻትና «አፍንጫዋ የሱ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ደሙ ያልቆመው።

«ማህፀኗን እሺላት» አሉ ሐጃ። «አጥብቀሽ። በሁለት እጅሽ። ልጇን ጡት አስይዢ።»

ሙሚና ያሉትን ሁሉ አደረገች። አሸች፣ ተጫነች፣ ጨርቅ ለወጠች፣ ደግማ አሸች። ክንዷ የራሷ አልመስል እስኪላት ድረስ አሸች። ጀምበሬ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የእግሩ ድምፅ ይሰማል።

«ሙሚና» አሉ ሐጃ በመጨረሻ። «ተይ።»

«ገና ትተነፍሳለች፣ ሐጃ።»

«አትተነፍስም። የሚሰማሽ የራስሽ ትንፋሽ ነው። ተይ፣ ልጄ።»

ዘጠኝ ዓመት ስታገለግላቸው ልጄ ብለዋት አያውቁም ነበር። ሙሚና ይህንንም በኋላ ነው ያስተዋለችው። ያን ጊዜ እጇን አንስታ አየችው፤ እስከ ክርኗ ቀይ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል። ድምጿን ሰማችው፣ «ጋሽ ጀምበሬ፣ ይቆፍሩ» ሲል። ድምፁ ከጎረቤት ግቢ የመጣ መሰላት።

ጀምበሬ ካላለቀው ፎቅ ጓሮ ቆፈረ። አፈሩ አሸዋ ስለሆነ እየተናደ አስቸገረው። ቄስ የለም፤ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ደገመ፣ የሚያውቀው እሱን ነው። ሕፃኗንም ስም ያወጣላት እሱ ነው፣ ትንሣኤ አላት። ሙሚና ትንሣኤን በጨርቅ ጠቅልላ ሦስተኛው በር ድረስ ሄደች። ዘኪያ ልጇን ታጠባ ነበር፤ የስምንት ወር ልጅ። ምንም አልጠየቀችም። ልጇን ወደ ግራ አዛውራ ቀኝ ጡቷን ለትንሣኤ ሰጠች።

ሁሉም የጠበቀው ሙሚና ታለቅሳለች ብሎ ነው። ጀምበሬ «አልቅሺ እንጂ፣ ያምሻል» ብሏታል። አልመጣላትም። በማግስቱ ሌላ ሴት መጣች፣ ሙሚና አዋለደቻት፤ መንታ ነበሩ፤ ሁለቱም ኖሩ። ያም ደስ አላላትም። ምጣድ ላይ ቂጣ እንደሚገለበጥ ያህል ነበር፤ በደንብ ወጣ፣ ቀጥሎስ?

በመጋቢት የዘኪያ ባል ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኘ። ዘኪያ ሁለቱን ሕፃናት በሁለት ጎኗ አዝላ ተሰናበተቻት። «ስንደርስ መልእክት እንልክልሻለን» አለች። «እንግዲህ ልጄ ናት፣ ወተቴን ጠጥታለች።» መድረስ አለመድረሳቸውን ሙሚና እስከ ዛሬ አልሰማችም።

ያ ክረምት የረሃብ ክረምት ነው። ዓሣ ከተገኘ ይበሉ ነበር፣ ካልተገኘ የሴቶቹን ምስር ውሃ ያበዙበት ነበር። ሐጃ ድርሻቸውን «ጥርሴን አመመኝ» እያሉ ይመልሱት ጀመር። ጥርስ ከሌላቸው ስንት ዓመታቸው። ሙሚና ይህን ታውቃለች፤ ግን አልተከራከረችም፣ የመለሱትን በላችው። ታሪኩን ስታወራ ይህን አትዘልለውም። «በላሁት» ትላለች።

በነሐሴ አንድ ዓርብ፣ ከዙህር በኋላ፣ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ምንጣፉ ላይ ሳለች፣ ሐጃ በቱል በድንገት ዝም አሉ። ሙሚና ለትእዛዝ ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች፣ አልመጣም። ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ተመለሰችና ሕፃኑን ብቻዋን አወጣች። እትብቱን ካሰረች፣ እናቲቱን ካጠበች በኋላ ነው የሐጃን ዓይን የከደነችላቸው።

አጠበቻቸው። የከፈነችበት ጨርቅ የሳዲቅ ሚስት የተወችው የአልጋ ልብስ ነበር። ወደ መቃብር ቦታው የሚወስደው መንገድ ላይ ተኳሽ አለ ስለተባለ ግቢው ውስጥ ሊቀብሯቸው ቆረጡ። ጀምበሬ ዶማውን ይዞ መጥቶ ግን አመነታ።

«እኔ እኮ ክርስቲያን ነኝ። ሐጃ ደግሞ መካ የደረሱ ሰው ናቸው። ኃጢአት አይሆንብሽም?»

«ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ጠለቅ አድርገው ይቆፍሩ። ራሳቸው በዚህ በኩል ነው፣ ፊታቸው ወደ ቂብላ።»

ሁለቱ አወረዷቸው። የዕለቱ አራስ ባል ከበር ቆሞ ሰገደባቸው፤ ሰውየውን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየችውም።

በሳምንቱ ሙሚና ቆርቆሮ ሣጥኑን ይዛ የመንሺያን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር ገባች። ጀምበሬን አብረን እንሂድ ብላው ነበር። «ሕንፃውን አደራ ተቀብያለሁ» አለ። ባለቤቱ ዱባይ ነው፣ መስኮት የለውም፣ ጣሪያ የለውም፤ ቢሆንም አደራ አደራ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ሐበሾች አንድ ክፍል ሰጧት። እዚያም ወሬው ቀድሟት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን በሯ ተንኳኳ። ከዚያ ወዲህ ስንት እንዳዋለደች አትቆጥርም። ሁለት እናቶች ሞተውባታል። ሲሞቱ እጇን ታጥባ ትቀመጣለች።

ከተማዋ እጅ ከቀየረች፣ ተኩሱም ከራቀ በኋላ ሰው በትንሽ በትንሹ መመለስ ጀመረ። ባለፈው ኅዳር ሳዲቅ ከካይሮ መጣ፤ አጠያይቆ ሐጅ ዩሱፍ ድረስ ሄዶ አገኛት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። በየግቢው የተቀበሩትን አስከሬኖች እያወጡ ወደ መቃብር ቦታ የሚያዛውሩ ሰዎች ተመድበዋል፤ የእናቱን ቦታ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

በማግስቱ ጀሪፍ ሄደች። ቤቱ በርም መስኮትም የለውም፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳው ተመዝዞ ወጥቷል። ያላለቀው ፎቅ እንዳለ ቆሟል። ጀምበሬ ግን የለም፤ የጠየቀችው ሰው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። አስከሬን ሊያወጡ የመጡትን ነጭ ለባሽ ሰዎች ወስዳ የሜላትን ቦታ አሳየቻቸው፣ ከዚያ የሐጃን። ማሳየት ብቻ ሳይሆን «እዚህ ጋ ቀስ በሉ፣ ራሳቸው ነው» አለቻቸው። ሳዲቅ አስከሬኑ ሲወጣ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሙሚና ዳር ቆማ ስልኩንና መነጽሩን ይዛለት ጠበቀች።

ከመቃብሩ ሲመለሱ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«ወደ ቤቱ ተመለሽ» አላት። «እናድሰዋለን። ያንቺው ቤት ነው።»

«ሥራ አለኝ፣ ኡስታዝ።»

አልተጫናት። ስልኩን ሲነካካ ቆየና ቀና አለ። «የወንድምሽ ቁጥር እኔ ጋ አለ። በኔ ስልክ ትደውይ አልነበር?» ብሎ ሳትመልስለት ደወለና አቀበላት።

ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ የወንድ ድምፅ «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለ።

«ሙሚና ነኝ።»

«የቷ ሙሚና?»

«እህትህ። ካርቱም ያለሁት።»

ከጀርባው ዶሮ ሲያስካካ ይሰማል። «ወላሂ በይ» አለ ኢክሪማ ድምፁ እየተቆራረጠ።

«ወላሂ።»

«ሙሚና፣ እኛ እኮ... ሞተሻል ብለው ነገሩን። ከዚያ የመጣ ሰው ነው የነገረን። ሰደቃሽን አውጥተናል። ዓመት አለፈው።»

«ምን አረዳችሁ?»

«ቦቃውን በሬ።»

«ቦቃው አርጅቶ አልነበር?»

«አርጅቶ ነበር። ሥጋው አልበስል ብሎ ሴቶቹ ተሰቃዩ።» ከዚያ መናገር አቃተው፤ የሚያለቅስ ይመስላል። ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለው።

«አንቺ» አሉ እናቷ። «አንቺ፣ የኔ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ፣ እማ።»

እናቷ አላህን አመሰገኑ፣ ደጋግመው አመሰገኑ፣ የጎረቤቱን ስም ሁሉ እየጠሩ ኑ ስሙ አሉ። ከዚያ ድንገት ሐሳብ ገባቸው። «እንግዲህ ያ ሁሉ ሰደቃ ምን ይሁን? መንደሩ ሁሉ በልቷል፣ ሸሆቹ ዱዓ አድርገዋል። የወጣ ሰደቃ አይመለስም።»

ሙሚና ትንሽ አሰበች። «ለሌላ ሰው ይሁን» አለች።

«ለማን?»

«ለሐጃ በቱል በሉት። አሠሪዬ ነበሩ። ሞተዋል።»

«በቱል የማን ልጅ? ለሸሆቹ ስነግር የአባቷን ስም ይጠይቁኛል።»

ሙሚና አላወቀችም። ዐሥር ዓመት አገልግላ፣ አጥባ ቀብራቸው፣ የአባታቸውን ስም ጠይቃ አታውቅም። ስልኩን ከጆሮዋ ዝቅ አድርጋ በዓረብኛ ሳዲቅን ጠየቀችው።

«ዑስማን» አለ ሳዲቅ፣ ለምን እንደጠየቀችው ሳይገባው። «በቱል ቢንት ዑስማን።»

«በቱል ዑስማን» አለች ሙሚና ለእናቷ።

«በቱል ዑስማን» አሉ እናቷ እንዳይረሱት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ከኋላቸው ሌላ ሰው ደገመው። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ሙሚና ስልኩን ለሳዲቅ መለሰች። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣት፤ አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ ልትወልድ ዛሬ ነገ የምትባል ሴት ስላለች አልቆየችም፤ አስፋልቱ ዳር ወጥታ ሐፍላ፣ የከተማውን አውቶቡስ፣ ስትጠብቅ ቆመች።